እይታም ይገነባል፤ ከይፋግ ሜዳ እስከ ሕንፃ ሰገነት



መንገደኛ ወደማያውቀው ከተማ ሲደርስ አስቀድሞ የሚፈልገው ማደሪያና ምግብ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉለት በኋላ ግን የሚሻው ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም ያረፈበትን ከተማ ከነአካባቢው በአንድ ጊዜ የሚያይበት ከፍ ያለ ስፍራ ነው። በጎዳና ሲመላለስ ከተማውን የሚያየው ቁራጭ ቁራጩን ነው። ከላይ ሆኖ ሲመለከተው ግን ገበያው ከቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል እንደሚገኝ፣ ወንዙ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚወርድ፣ ነገ የሚጓዝበት መንገድ የትኛውን ኮረብታ ዞሮ እንደሚያልፍ ይገባዋል። ስለዚህ ከከፍታ ላይ ሆኖ ከተማን መመልከት መዝናኛ ብቻ ሳይሆን አገርን የማወቂያ መንገድም ነው።

መሐንዲስ አንድን ሕንፃ ሲነድፍ የሰውንና የዕቃን ጭነት፣ የነፋስን ግፊት፣ የመሬት መንቀጥቀጥን ኀይል፣ የአፈርን የመሸከም አቅም ያሰላል። ከሕንፃው አናት የሚገኘውን እይታ ግን ዘወትር አያሰላም። ከዚህም የተነሣ በብዙ ከተሞቻችን ከሁሉ የተሻለ እይታ ያለው ወለል የውኃ ማጠራቀሚያና የቴሌቪዥን ሳሕን መደርደሪያ ሆኖ፣ በሩም ተቆልፎበት ይኖራል። በሌላ በኩል ደግሞ ሲነደፍ ሰው እንዲወጣበት ያልታሰበ ጣሪያ፣ በኋላ ወንበርና ጠረጴዛ ተደርድሮበት ቡና ቤት ሲሆን ይታያል። የመጀመሪያው ሀብትን ማባከን ነው፤ ሁለተኛው ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ እይታ እንደ ማናቸውም የሕንፃ ክፍል ሊሰላና ሊነደፍ እንደሚችል፣ ይህም በተለይ እንደ ይፋግ ላሉት በማደግ ላይ ለሚገኙ አነስተኛ ከተሞች አሁን ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ከፍታ በአገራችን ልማድ

ከፍ ብሎ መመልከት ከውጭ አገር ከሕንፃ ጥበብ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። በእሸት ወራት አዝመራውን ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ልጅ አራት እንጨት ተክሎ፣ በላዩ ርብራብ አድርጎ ማማ ይሠራል። ወንጭፉን ይዞ በዚያ ላይ ሲቆም፣ ከመሬት ሆኖ ከፊቱ ያለውን አገዳ ብቻ ያይ የነበረው ልጅ አሁን የእርሻውን አራት ማዕዘን ያያል። ማማው ከሦስት ወይም ከአራት ሜትር አይበልጥም፤ ነገር ግን ለሚፈለገው ጉዳይ በቂ ነው። ገበሬው የማማውን ቁመት የሚወስነው ለመታየት ሳይሆን ለማየት ነው። ይህን ልዩነት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም የከፍታን ነገር ከጥንት ያውቁታል። «ደብር» የሚለው ቃል በግእዝ ትርጉሙ ተራራ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በየጁው ራስ ጉግሣ የተቆረቆረችው ደብረ ታቦርም ስሟን ያገኘችው ከታቦር ተራራ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ብላ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰውን የጉናን ተራራ በስተ ጀርባዋ አድርጋ ተቀምጣለች። ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ፣ ዳገቱን በያዘ ቁጥር የፎገራ ሜዳ ከበስተ ኋላው እንደ ምንጣፍ ሲዘረጋ ይመለከታል። በዚያ መንገድ ላይ የእይታው ሠሪ ሕንፃ ሳይሆን መሬቱ ራሱ ነው።

ነገሥታቱ ደግሞ መሬቱ ከሰጣቸው ከፍታ በላይ ግንብ ጨመሩበት። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር ሲኬድ በእንፍራንዝ አጠገብ በኮረብታ ላይ የሚታየው የጉዛራ ግንብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ለነገሡት ለዐፄ ሠርፀ ድንግል የሚሰጥ ሲሆን፣ የጣናን ሐይቅ ቁልቁል ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን የመሠረቱት ዐፄ ፋሲለደስ ያሠሩት ቤተ መንግሥት የማማው ቁመት ወደ 32 ሜትር ይደርሳል። በአራቱ ማዕዘን ክብ ግንቦች፣ በጣሪያው ዙሪያ ጥርስ ያለው መከታ፣ ከሁሉም በላይ አራት ማዕዘን የሆነ መመልከቻ ክፍል አለው። አየሩ በጠራ ቀን ከዚያ ላይ ሆኖ ጣናን ማየት ይቻላል ይባላል።

በአዲስ አበባም ዐፄ ምኒልክ በቤተ መንግሥታቸው ግቢ ውስጥ ያሠሩት «እንቁላል ቤት» የሚባለው ከፍ ያለ ቤት ከተማይቱን ለመመልከቻ ያገለግል ነበር። እነዚህ ሁሉ ግንቦች አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ ከላይ ሆኖ የማየት መብት የባለሥልጣን መብት ነበረ። የምኒልክ ግቢ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለጎብኝዎች ሲከፈትና የጎንደር ግንቦች እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው የሕዝብ መጎብኛ ሲሆኑ፣ ቀድሞ የአንድ ሰው የነበረው እይታ ወደ ብዙኀን ዐይን ተሸጋገረ ማለት ነው። ዛሬ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ይህን ከፍታ ስፈጥር እይታውን ለማን እሰጣለሁ?

የአድማስ ስሌት

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠት በፊት ከፍታ ምን ያህል እይታ እንደሚሰጥ ማወቅ ይገባል። መሬት ክብ በመሆንዋ፣ ምንም መከለያ በሌለበት ሜዳ ላይ የሚቆም ሰው የሚያየው የአድማስ ርቀት በዐይኑ ከፍታ ይወሰናል። ስሌቱ ቀላል ነው። የዐይንን ከፍታ በሜትር ወስዶ፣ የዚያን ቁጥር ስኩዌር ሩት በ3.57 ማብዛት ነው፤ ውጤቱ በኪሎ ሜትር ይገኛል።

በዚህ መሠረት ዐይኑ ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ያለ ሰው በፎገራ ሜዳ ላይ ቢቆም አድማሱ 4.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዐይኑን 4 ሜትር ከፍታ ላይ ቢያደርስ አድማሱ ወደ 7.1 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። በ16 ሜትር፣ ማለት በባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አናት ላይ፣ 14.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን እንደገና በእጥፍ ለማሳደግ 64 ሜትር መውጣት ያስፈልጋል። ሌላ እጥፍ ለመጨመር ደግሞ 256 ሜትር ይጠይቃል። ባጭሩ አድማስን በእጥፍ ለማሳደግ ከፍታን በአራት እጥፍ ማሳደግ ግድ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ተጨማሪ ፎቅ ወጪ ይበዛል። ምሰሶው ይወፍራል፤ መሠረቱ ይጠልቃል፤ አሳንሰሩ፣ የውኃ መግፊያው፣ የእሳት መከላከያው ሁሉ ይወደዳል። ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ፎቅ የሚገኘው የአድማስ ትርፍ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለእይታ ሲባል ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፎቆች ናቸው። የገበሬው ማማ አነስተኛ መሆኑ የድኅነት ሳይሆን የትክክለኛ ስሌት ምልክት ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት ከጎንደር እንወስዳለን። የፋሲለደስ ግንብ 32 ሜትር ከፍታ ብቻውን የሚሰጠው አድማስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ከጎንደር እስከ ጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ያለው ርቀት ግን ከ30 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከተማይቱ ከሐይቁ ጋር በአንድ ደረጃ ላይ የምትገኝ ቢሆን ኖሮ፣ ንጉሡ ከማማው ላይ ሆነው ጣናን ለማየት ባልተቻላቸው ነበር። የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን ጎንደር ከዚያ ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ይህም ከፍታ አድማሱን ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ሩቁን ያሳየው መሬቱ ነው። ግንቡ የጨመረው በቅርብ ያሉትን ዛፎች፣ ጣሪያዎችና ጉብታዎች ዐይን ተሻግሯቸው እንዲያልፍ ማድረግን ነው። በደጋማው አገር የሕንፃ ሥራ ይኸው ነው፤ አድማስን መፍጠር ሳይሆን መጋረጃን መግለጥ።

በሜዳ አገር ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያ መሬቱ የማይሰጠውን ከፍታ ሊሰጥ የሚችለው ሕንፃው ብቻ ነው። ይፋግ በሁለቱ መካከል ትገኛለች። በስተ ምዕራብ የፎገራ ሜዳና የጣና ሐይቅ፣ በስተ ምሥራቅ የሊቦ ከምከም ደጋ ናቸው። ስለዚህ በይፋግ ከፍታ ያለው ሰገነት ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ በአንድ በኩል ሜዳውን ያሰፋል፤ በሌላ በኩል ተራራውን ከጣሪያዎች በላይ አውጥቶ ያሳያል።

የሌሎች ከተሞች ተሞክሮ

በከፍተኛ ሕንፃ ላይ ወጥቶ ከተማን መመልከት በዓለም የተስፋፋው አሳንሰር፣ በተለምዶ ሊፍት የሚባለው፣ ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 በኒው ዮርክ በአንድ የሱቅ ሕንፃ ውስጥ የኦቲስ አሳንሰር ሰዎችን ማመላለስ እስከ ጀመረበት ጊዜ ድረስ፣ የሕንፃ የላይኛው ፎቅ ደረጃ መውጣቱ ስለሚያደክም የርካሽ ኪራይ ስፍራ ነበር። አሳንሰር ይህን ገለበጠው፤ ከሁሉ በላይ ያለው ፎቅ ከሁሉ የተወደደ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1889 የተመረቀው የፓሪስ ኤፌል ግንብ ሦስት መመልከቻ እርከኖች አሉት፤ የመጀመሪያው በ57 ሜትር፣ ሁለተኛው በ116 ሜትር፣ ሦስተኛው በ276 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከላይኛው እርከን ከተማይቱ እንደ ካርታ ትሆናለች። የከተማይቱን ሕንፃዎች አንድ በአንድ ለይቶ ለማየት የፈለገ ሰው ግን ሁለተኛው እርከን ይሻለዋል። ለዚህም ምክንያቱ የዐይን ተፈጥሮ ነው። ጤነኛ ዐይን በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በሦስት ኪሎ ሜutር ተኩል ርቀት ግን አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። ከፍታ ሲበዛ ሰው ነጥብ፣ ገበያም ቀለም ብቻ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተውን የዱባይን ቡርጅ ኸሊፋ ብንወስድ፣ 828 ሜትር ከሚሆነው ቁመቱ በ452 ሜትር ላይ ያለው መመልከቻ አድማሱ በስሌት 76 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ከባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አናት ከሚገኘው አድማስ አምስት እጥፍ ያህል ሲሆን፣ የተወጣው ከፍታ ግን 28 እጥፍ ነው። የበረሃው አቧራ በተነሣ ቀን ደግሞ ከስሌቱ ውስጥ በእጅ የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ገንዘብን በሚመለከት የኒው ዮርኩ የኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲከፈት አገሪቱ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ስለ ነበረች፣ ብዙዎቹ ቢሮዎች ተከራይ አጥተው ቀሩ። በእነዚያ ዓመታት ባለቤቶቹን በብርቱ ከደገፏቸው ገቢዎች አንዱ በ86ኛው ፎቅ ላይ ካለው መመልከቻ ሰገነት የሚገኘው የመግቢያ ዋጋ ነበር። ወደ አፍሪካም ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈጸመው የናይሮቢ የኬንያታ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ማእከል ጣሪያውን ለጎብኝዎች ክፍት በማድረጉ፣ ሕንፃው ለጉባኤተኞች ብቻ ሳይሆን ከተማይቱን ማየት ለሚሻ ተራ መንገደኛም የሚያገለግል ሆኗል።

በአዲስ አበባ ለዚህ ነገር መነሻ የሚሆን ሌላ ምሳሌ አለ። አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በከፍታው ስፍራ ተቀምጦ፣ የቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እስከ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ድረስ ይመለከታል። የዚህ ሕንፃ እይታ የተገኘው ከቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው ጎዳና ቀጥ ብሎ በመዘርጋቱና መካከሉ ክፍት ሆኖ በመቆየቱ ነው። አንድ ሰው በጎዳናው መካከል አንድ ከፍተኛ ሕንፃ ቢያቆም፣ የማዘጋጃ ቤቱ አንዲት ድንጋይ ሳትነካ እይታው ይሞት ነበር። እይታ የሕንፃው ብቻ ሳይሆን የከተማው ንብረት ነው መባሉም ለዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመት ከ200 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ በከፍታ መወዳደርን የለመደች ከተማ ሆናለች። በውድድሩ መካከል ግን የእንጦጦ ተራራ ከየትኛው አደባባይ ይታይ እንደ ነበረና ዛሬ ከየትኛው እንደ ተጋረደ የሚመዘግብ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የሰገነቱ አሠራር

ጣሪያን ሰው የሚወጣበት ሰገነት ማድረግ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ከታሰበ ወጪው መጠነኛ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ቢታሰብ ግን ወይ እጅግ ይወደዳል፤ ወይም ጨርሶ አይቻልም። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ነጥቦች ለባለሙያ አዲስ ባይሆኑም፣ በአንድነት ሲታዩ የነገሩን ክብደት ያመለክታሉ።

አንደኛው የጭነት ጉዳይ ነው። ለጥገና ካልሆነ በቀር ሰው የማይወጣበት ጣሪያ የሚታሰብለት ጭነት አነስተኛ ነው። ሰው ተጨናንቆ ለሚቆምበት ወለል ግን በካሬ ሜትር እስከ 5 ኪሎ ኒውተን፣ በክብደት ሲነገር 500 ኪሎ ግራም ገደማ ይታሰባል። በዓል በሚሆንበት ቀን ሕዝቡ ሁሉ ታቦት ወይም ሰልፍ ወደሚያልፍበት ወደ አንዱ ጠርዝ እንደሚሰበሰብም መዘንጋት የለበትም። በዚህ ላይ 5,000 ሊትር የሚይዝ የውኃ ማጠራቀሚያ ብቻውን ሲሞላ ከ5 ቶን በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው በምሰሶዎች ላይ እንዲያርፍ፣ እይታ በሌለበት ወገንም እንዲሰበሰብ ማድረግ ይገባል።

ሁለተኛው የመከታው ጉዳይ ነው። መከታው ቢያንስ 1.10 ሜትር ቁመት ሊኖረው፣ የብረት ዘንግ ከሆነም ዘንጎቹ ቁመታቸውን ይዘው የቆሙና ሕፃን የማያሾልኩ ሊሆኑ ይገባል። አግድም የተደረደረ ብረት ለሕፃን መሰላል ነው። ሕዝብ ተደግፎ በሚገፋው ጊዜም መከታው እንዳይነቀል ከሶሌታው ጋር ያለው መያያዣ በስሌት መሠራት አለበት።

ሦስተኛው የመውጫ ጉዳይ ነው። ሰው የሚሰበሰብበት ሰገነት አንዲት ጠባብ ደረጃ አትበቃውም፤ እሳት ቢነሣ ሁለተኛ መውረጃ ያስፈልገዋል። የክረምቱ ነጎድጓድ በበረታበት በደጋው አገር ደግሞ የመብረቅ መከላከያ እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም፤ ዝናብና ነጎድጓድ ሲቀርብ ሰገነቱ የሚዘጋበት ደንብም መኖር አለበት። የውኃ መከላከያው ንጣፍ በእግር ብዛት እንዳይቀደድ በላዩ ጠንካራ ንጣፍ እንዲነጠፍበት፣ ውኃውም ወደ መውረጃው እንዲያዘነብል ማድረግ ከጅምሩ የሚታሰብ ነው።

አራተኛው የብርሃን ጉዳይ ነው። ጣና ለይፋግ በስተ ምዕራብ በመሆኑ፣ ጠዋት ፀሐይ ከተመልካቹ በስተ ኋላ ሆና ሜዳውንና ሐይቁን ታበራለታለች። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ በፊት ለፊቱ ስለምትሆን ዐይኑን ትወጋዋለች። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ለተቀመጠ ሰው የጥላ ዳስ ማዘጋጀት ተገቢ ይሆናል። ከወራትም ሁሉ ክረምቱ አልፎ አየሩ የታጠበበት መስከረም ለሩቅ እይታ የተመረጠ ነው፤ በበጋው መጨረሻ አቧራና ጭጋግ አድማሱን ያሳጥራሉ።

የጎረቤት ግቢ

ከፍ ብሎ መመልከት የሚያስከትለው አንድ የታወቀ ቅሬታ አለ። በአገራችን የሰውን ግቢ አጮልቆ ማየት ነውር ነው። ቤተሰብ በግቢው ውስጥ እህል ያሰጣል፤ ልጅ ያጥባል፤ ለቅሶ ይቀመጣል። በአጠገቡ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሞ በላዩ እንግዳ ሰው ሲደገፍ፣ ጎረቤቱ አጥሩ እንደ ፈረሰበት ይቆጥረዋል። ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ «ዘመናዊነት ነው» ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። ደግነቱ በጂኦሜትሪ መልስ የሚያገኝ ነው።

የሰገነቱ ከፍታ 15 ሜትር፣ መከታው የተደፈነ ግንብ ሆኖ 1.10 ሜትር፣ የተመልካቹም ዐይን ከወለሉ 1.6 ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። ተመልካቹ መከታውን ተደግፎ ከቆመ ከሥሩ ያለውን ግቢ ሁሉ ያያል። ነገር ግን በመከታው ውስጠኛ ዙሪያ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የአበባ መደብ ቢሠራና ሰው ከዚያ እንዳያልፍ ቢደረግ፣ ከዐይኑ ተነሥቶ የመከታውን አናት ነክቶ የሚወርደው መስመር በየሁለት ሜትሩ ግማሽ ሜትር ብቻ ይወርዳል። በዚህም ሂሳብ መስመሩ መሬት የሚነካው ከመከታው 64 ሜትር ያህል ርቆ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የጎረቤት ግቢ ከእይታ ይሰወራል፤ ሐይቁ፣ ሜዳውና ተራራው ግን አንዳች አይጎድልባቸውም። ሁለት ሜትር አፈርና አበባ የጎረቤትን ክብርና የመንገደኛን ደስታ ያስታርቃሉ፤ ሰው ወደ ጠርዙ እንዳይቀርብ በማድረግም አደጋን ይቀንሳሉ።

ይፋግና መሰሎቿ

ይፋግ ለመንገደኛ እንግዳ አይደለችም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከጎንደር ወደ ጎጃም፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ የጁ የሚመላለሱ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት፣ ቀረጥም የሚከፈልባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወረታ ቀጥሎ ከአዲስ ዘመን በፊት ትገኛለች። ቀድሞ በበቅሎና በአህያ ሲራራ የመጣ ነጋዴ ያድርባት የነበረችውን ከተማ፣ አሁን በመኪና የሚያልፍ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ጥሏት ይሄዳል። የምታሳየው ነገር ስለሌላት ግን አይደለም። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት፣ በኋላም ሩዙ ሲያሸት፣ ከምሥራቅ የደጋው ግንብ ከምዕራብ የጣና ብርሃን ሲታዩ፣ ይህን ሁሉ ከአንድ ስፍራ ሆኖ ለማየት የሚያስችል አንድ ሰገነት ያስፈልጋል።

በአገሪቱ የሕንፃ አሠራር ሕግም የከፍታ ጉዳይ የታወቀ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በምድብ ሲከፍል፣ ቁመታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑትን ከሁሉ ጥብቅ ወደሆነው ምድብ አስገብቷቸው ነበር። ያም ድንበር የተወሰነው ለደኅንነት ሲባል ነው። ለእይታ ሲባል የሚወሰን ድንበር ግን ከአገር አቀፍ አዋጅ የሚጠበቅ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ከተማ ከመሬቱ አቀማመጥ ተነሥቶ በፕላኑ የሚያስገባው ነው።

በዚህ ረገድ ለይፋግና ለመሰሎቿ የሚቀርበው አሳብ በሦስት ይጠቃለላል። የመጀመሪያው፣ የከተማው ፕላን ሲታደስ የሕንፃዎች ቁመት እንደ ደረጃ እንዲወሰን ነው። በሐይቁ ወገን ያሉት ዝቅ፣ በደጋው ወገን ያሉት ከፍ እንዲሉ ቢደረግ፣ የኋለኛው ከፊተኛው ትከሻ በላይ አሻግሮ ያያል፤ ሁሉም ድርሻውን ያገኛል። የፊተኛው ቀድሞ ከፍ ካለ ግን የኋለኛው እርሱን ለመብለጥ ሌላ ፎቅ ይጨምራል፤ ያም ሲደጋገም ሁሉም ወጪ አውጥቶ ማንም ሳያይ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ለሕዝብ አገልግሎት ከሚሠሩት ሕንፃዎች ቢያንስ አንዱ ሰገነቱ ለመንገደኛ ክፍት እንዲሆን ከንድፉ ጀምሮ እንዲታሰብ ነው። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አድማስን ከ4.5 ወደ 14.3 ኪሎ ሜትር ካሳደገ፣ ለእንዲህ ያለች ከተማ ከዚያ በላይ መውጣት ለእይታ ሳይሆን ለመታየት ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ መሐንዲሱ ንድፉን ከማቅረቡ በፊት ከግንባታው ስፍራ ምን እንደሚታይና ሕንፃው ሲቆም የማንን እይታ እንደሚጋርድ በአንድ ገጽ ሥዕል እንዲያሳይ ነው። ይህ ገጽ ከአፈር ምርመራው ጋር አብሮ ቢያያዝ የሚጨምረው ድካም የአንድ ቀን ሥራ ነው።

«መንገደኛ በማይመጣበት ጊዜ ስለ እይታ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገደኛውንም ጎብኝውንም እንዳራቀ፣ የብዙ ሰው ሕይወትና ኑሮም እንዳናጋ የታወቀ ነው። የእይታ ሰገነት ሰላምን አያመጣም። ነገር ግን ሕንፃ የሚሠራው ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለ50 ዓመትና ከዚያም በላይ ነው። በክፉ ቀን በግዴለሽነት የቆመ ምሰሶ፣ ደግ ቀን ሲመጣ ከስፍራው አይነቃነቅም። የተጋረደ ተራራ አንድ ጊዜ ከተጋረደ፣ የጋረደው ሕንፃ ዕድሜውን እስኪጨርስ ድረስ የዚያ ከተማ ልጆች ያለ ተራራ ያድጋሉ። እንግዳውስ አልፎ ይሄዳል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ነዋሪው ነው።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤

መሐንዲስ የሚመሰገነው ባቆመው ነገር ብዛት ብቻ አይደለም፤ ክፍት አድርጎ በተወው ስፍራም ጭምር ነው። ሕንፃዎቻችን ወደ ላይ መውጣታቸው አይቀርም፤ መውጣታቸውም መልካም ነው። ሲወጡ ግን ጣሪያቸው በቁልፍ የተዘጋ እንዳይሆን፣ ከፊታቸውም ያለውን አገር እንዳይሸፍኑ በስሌት መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው። ገበሬው ማማውን ሲተክል ምን ለማየት እንደሚሻ አስቀድሞ ያውቃል። ከማማ በላይ የሚሠራ ባለሙያም ከዚያ ያነሰ ሊያውቅ አይገባውም።